በቢጫ ባንዲራ ሥር የተቆጠረው ዙር

ባለፈው ወር አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። አዲስ የተቋቋመው የሞተር ብስክሌት ውድድር ኮሚቴ «በቀድሞው ዘመን ያካበቱትን ልምድ» ለወጣት ባንዲራ ያዦች እንዳካፍል በአክብሮት ይጠይቀኛል። ደብዳቤው ትሕትና የተሞላበት ነው፤ የጻፉትም ሰዎች ክፋት የለባቸውም። ይሁን እንጂ «ልምድ» የሚለውን ቃል ባነበብሁ ጊዜ ተቆጣሁ። እምቢታዬን በሁለት መስመር ጽፌ ላክሁ። ምክንያቱ ግን በሁለት መስመር የሚያልቅ አልሆነልኝም።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ዛሬ እዚሁ ባሕር ዳር ሒሳብ አስተምራለሁ። ከዚህ በፊት ሰባት ዓመት ያህል በአንድ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፣ ውድድር ሲኖር ደግሞ ባንዲራ ያዥ ነበርሁ። በዚህ ዕድሜ የሥራ ዘመን ትዝታ መጻፍ ድፍረት ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ያ ሥራ ለእኔ አብቅቷል፤ በምን ሁኔታ እንዳበቃም ከእኔ በስተቀር የሚናገር የለም።

ውድድሩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሠራተኞች ቀንና ለአብዮት በዓል፣ ይካሄድ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ የፋብሪካ መካኒኮች፣ መልእክት አመላላሾችና የግብርና ጣቢያ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ የሚነዱት መሥሪያ ቤቶቻቸው ለሥራ የሰጧቸውን ሞተሮች ነበር። መንገዱ ዘንባባ ከተተከለበት አውራ ጎዳና ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ ይሄዳል፤ ድልድዩ ሳይደርስ ወደ ሐይቁ ይታጠፍና በዳርቻው ተመልሶ መነሻው ላይ ይገጥማል። እኔ መጀመሪያ የተመደብሁት ገበያው አጠገብ፣ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ነበር። አለቃዬ አንድ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ የሸሚዛችን የአንገት ቁልፍ መቆለፉን ከማየት ያለፈ ስለ ሥራው የሚጠይቁን ነገር አልነበረም። አበሉ ለአንድ ምሳ ይበቃ ነበር፤ ለእሱም ሦስት ቅጽ እንሞላ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወደ ሐይቁ ማእዘን ተዛወርሁ፤ ሥራ ምን እንደሆነ የተማርሁትም እዚያ ነው፤ መምህሬ ጋሽ ተድላ ነበሩና።

ጋሽ ተድላ የውድድሩ ዋና ሰዓት ያዥና ዳኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው አሥመራ ጋራዥ ሲሠሩ፣ ጣሊያኖች በሚያካሂዱት የመኪና ውድድር ላይ ባንዲራ ይዘው ቆመዋል። ክሮኖሜትራቸውን በሱፍ ካልሲ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይይዙ ነበር፤ ብርድ ሰዓትን ያዘገያል የሚል እምነት ነበራቸው። ቢጫውን ባንዲራ የሚያቀልሙት ራሳቸው ናቸው። የሱቁ ቢጫ ጨርቅ በሁለት ጸሐይ ይነጣል ብለው፣ በየውድድሩ ዋዜማ አቡጀዲ በእርድ ነክረው ጥላ ላይ ያደርቁታል። በዚህም የተነሣ ባንዲራችን እንደ ወጥ ቤት ይሸት ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በእኔ አጠገብ በእግር ሲያልፉ፣ «ዛሬ ደግሞ አልጫው እርድ በዝቶበታል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ከሁሉ በላይ የሚቀልደው ይኹን ነበር፤ ዓባይ ማዶ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ በአንድ ፋብሪካ መልእክት የሚያመላልስ፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንስ ልጅ። «አንተ ያንን ስታወዛውዝ ሆዴ ይጮኻል፤ ዙሬን የምታበላሽብኝ አንተ ነህ» ይለኝ ነበር።

ስለ ማጣሪያው ዙር ሕግ ጥቂት ልበል፤ ያለ እሱ የሚከተለው አይገባም። ከዋናው ውድድር በፊት እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከሌላው በአጭር ጊዜ ልዩነት ለብቻው እየተነሣ ሦስት ዙር ይነዳል፤ ከሦስቱ ፈጣኑ ይያዝለታል። ከሦስት በላይ እንዳይሆን ያደረገው የቤንዚን ኩፖን ነው። ባንዲራ ያዡ ቢጫውን ሳያንቀሳቅስ ዘርግቶ ከቆመ አደጋው ከመንገዱ ዳር ነው፤ ካወዛወዘው ሰው መንገዱ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ቢጫ ያየ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ለመቆም ተዘጋጅቶ ያልፋል። ሳይቀንስ ያለፈ እንደሆነ ዙሩ ይሰረዛል፤ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አይያዝለትም። መቀነሱን የምናውቀው በዓይን ግምት አልነበረም። በማእዘኑ መግቢያና መውጫ ላይ አስፋልቱን አቋርጠው የተሰመሩ ሁለት ነጭ መስመሮች ነበሩ። ቀኝ እጄ ለባንዲራ፣ ግራ እጄ ለሰዓት ነበር፤ ነጂው አንደኛውን መስመር ሲረግጥ እጫናለሁ፣ ሁለተኛውን ሲረግጥ እጫናለሁ፣ ወዲያው በደብተሬ አሰፍራለሁ።

ጋሽ ተድላ ከሕጉ በላይ የሚሄዱባቸው ሁለት ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛው ጀሪካናቸው ነው። ከራሳቸው የኩፖን ድርሻ አምስት ሊትር ቤንዚን እየቆጠቡ ወደ ውድድሩ ያመጣሉ፤ ቢጫ አይቶ በመቀዝቀዙ ዙሩ ለተበላሸበት ነጂ ከዚያ ቀድተው እንደገና ያስነዱታል። «ቢጫ ማለት መንገድ ላይ ሰው አለ ማለት ነው» ይሉን ነበር፤ «ለዚያ ሰው ብሎ የቀዘቀዘ ልጅ ከከሰረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማን ይቀዘቅዛል?» ሁለተኛው ልማዳቸው የጌጥ ባንዲራዎችን ማስወረድ ነበር። በበዓል ሰሞን ቀበሌዎች መንገዱን ሁሉ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ በሆኑ ትንንሽ ባንዲራዎች ገመድ ይሸፍኑታል። ጋሽ ተድላ ማጣሪያው ሊጀመር ሲል፣ ከእያንዳንዱ ባንዲራ ያዥ በፊት ያለውን መቶ እርምጃ ጌጥ በዝምታ ያስወርዱናል፤ ማጣሪያው ሲያልቅ፣ ባለሥልጣኖቹ ሳያልፉ፣ በዝምታ መልሰን እንሰቅለዋለን። ይህ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው፤ በወረቀት ግን የትም አልተጻፈም። ሊጻፍም አይችልም ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ዓመት ልምጣ።

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በየቀበሌው ኮታ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። በዚያ የአብዮት በዓል በማጣሪያው አንደኛ የወጣ ሰው ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ይመረጣል፤ የተመረጠ ሰው ስም ከቀበሌው ዝርዝር ይሰረዛል። የይኹን ስም ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ይህን እኔም፣ ጋሽ ተድላም፣ ተወዳዳሪዎቹም እናውቃለን። እናቱ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም፤ ታላቅ ወንድሙ ወደ ሰሜን ሄዶ አልተመለሰም። ከይኹን ጋር የሚቀራረብ ሰዓት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሰሎሞን የሚባል፣ የውድድር ኮሚቴው ሰብሳቢ የሚስት ወንድም። የሰሎሞን ስም በማንም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። እሱ የፈለገው ዋንጫ ነው።

በማጣሪያው ጠዋት የጋሽ ተድላ ጀሪካን ጠፋ። ሰብሳቢው ለድምፅ ማጉያው ጄኔሬተር አስወስዶት ኖሯል። ጋሽ ተድላ ሲጠይቁ፣ መፈክሩ ከሚቋረጥ አንድ ዙር ቢቋረጥ እንደሚሻል ተነገራቸው። ወደ እኔ መጥተው፣ ዛሬ ሁለተኛ ዕድል የምንሰጠው ሰው የለም፣ ስለዚህ ዓይንህን ክፈት ብለው ሄዱ። እኔም መሰላል ይዤ የማእዘኑን ጌጥ ማውረድ ጀመርሁ። ደንገል ታንኳቸውን አስፋልቱ ዳር የሚያደርቁ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው የመንግሥትን ባንዲራ የምታወርደው?» አሉኝ።

ለቢጫው ቦታ ልለቅለት ነው አልኋቸው።

«ቢጫውንም እኮ አብረህ አወረድኸው» ብለው ሳቁ። ገመዱን ጠቅልዬ በተገለበጠው ታንኳቸው ሥር ሸሸግሁት።

በሁለተኛው ዙር ይኹን ሰሎሞንን በአንድ ሰከንድ ይበልጠው ነበር። በሦስተኛው ዙር አንድ የግብርና ጣቢያ ሠራተኛ ወደ ማእዘኑ ሲገባ ከታንኳዎቹ የወደቀ እርጥብ ደንገል ረገጠና ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሞተሩ እግሩን ተጭኖት መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ቢጫውን አወዛወዝሁ። ቀጥሎ የመጣው ይኹን ነበር። ገና ከሩቅ ግራ እጁን አነሣ፤ አይቻለሁ ማለቱ ነው። በእግር ጉዞ ፍጥነት የወደቀውን ሰው ዞሮ አለፈ። ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተያየን። ዙሩ እንደ ጠፋበት ያውቃል፤ ጀሪካኑ እንደሌለም ያውቃል።

ቀጥሎ ሰሎሞን መጣ። ባንዲራዬን አየ። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ራሱን ወደ እኔ አዞረ፣ አየኝ፣ ከዚያም አገጩን ታንከሩ ላይ አስተኝቶ ነዳጅ ሰጠ። በወደቀው ሰውና በመንገዱ ጠርዝ መካከል አለፈ፤ የኋላ ጎማው የሰውየውን የጫማ ተረከዝ ገሽልጦ ሄደ። ዳር ያለው ሕዝብ አጨበጨበ። ሰዓቴን ተጫንሁ። በሁለቱ መስመሮች መካከል የወሰደበት ጊዜ ከሦስቱም ዙሮቹ አጭሩ ነበር። በደብተሬ ጻፍሁት፤ ከጎኑም «ቢጫ፣ ተወዛውዟል» ብዬ አሰፈርሁ።

ጋሽ ተድላ ደብተሬን ተቀብለው አነበቡና የሰሎሞንን ሦስተኛ ዙር በቀይ እርሳስ ሰረዙት። ይኹን በሁለተኛው ዙሩ አንደኛ ሆነ። እኔ መሰላሉን ይዤ ተመለስሁና ጌጡን ወደ ቦታው ሰቀልሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ተድላና እኔ ተጠራን። ሰብሳቢው ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ ደብተሬ ፊቱ ተዘርግቷል። ሰውየው አልጮኸም፤ ጨዋ ነበር። ከመስመር እስከ መስመር ያለውን ሰዓት እንደማይክድ ነገረን። ጓድ ሰሎሞን አልቀነሰም፤ ያልቀነሰው ግን ስላላየ ነው አለ። ከማጣሪያው በኋላ የኮሚቴው አባላት በመኪና ሲያልፉ ማእዘኑ በአብዮቱ ባንዲራዎች አሸብርቆ በዓይናቸው አይተውታል አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ ምናለ፣ በዚያ ሁሉ ባንዲራ መካከል የአንተ አንዲት ቢጫ ጨርቅ ትለያለች?»

ጋሽ ተድላ ቀደሙኝ። በውድድሩ ሰዓት በመቶ እርምጃ ውስጥ ሌላ ባንዲራ እንዳልነበረ፣ ጌጡን ያወረዱትም እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸው ደረጃ መውጣት እንኳ የሚያቅተው ሰው ነበሩ። ሰብሳቢው ፈገግ አለ።

«መሰላሉን የወጡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ተድላ። ወደ እኔ አልተመለከቱም። ሊያድኑኝ ነበር፤ የአብዮቱን ባንዲራ በበዓሉ ሰሞን ማውረድ ምን ስም እንደሚሰጠው በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ሰብሳቢው አንድ ነጭ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ከዚያ ሌላ ነገር የሚያስታውስ ሰው መስሎ፣ «የአንተ የድጋፍ ደብዳቤ በዚህ ወር ይታደሳል አይደል?» አለኝ። እኔን ከምልመላው ያስቀረኝ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ነበር፤ የሚፈርመው እሱ ነው።

የጻፍሁትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «በማእዘኑ ላይ የበዓሉ ጌጥ ባንዲራዎች በቦታቸው ስለ ነበሩ፣ የውድድሩ ቢጫ ባንዲራ ለነጂው በግልጽ ላይለይ ይችላል።» ቀን ጻፍሁ፣ ፈረምሁ። ስለ ሰዋስውና ስለ ጥሩ አጻጻፍ ብዙ መጻሕፍት ያነበብሁ ሰው ነኝ፤ በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጌጡ በቦታው የነበረበትን ሰዓት ያልጠቀስሁት፣ «ላይለይ ይችላል» የሚለውንም የመረጥሁት ሙሉ ውሸት እንዳይሆንብኝ ነው። ዛሬ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። በግልጽ ብዋሽ ኖሮ ቢያንስ ውሸታም ነበርሁ፤ እኔ ግን ፈሪነቴን በጥንቃቄ አረምሁት።

ጋሽ ተድላ በሐሰት ምስክርነት ተወቅሰው ከዳኝነት ተነሡ። የሰሎሞን ዙር ተቆጠረ። ይኹን ሁለተኛ ወጣ፤ ወሩ ሳያልቅ ከቀበሌው ወጣቶች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። እኔ አልሸኘሁትም። የድጋፍ ደብዳቤዬ ታደሰ።

በቀጣዩ የሠራተኞች ቀን በዚያው ማእዘን ቆሜ ነበር። ቢጫ ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ ሦስት ጊዜም የቀዘቀዘ አልነበረም። ለምን ይቀዘቅዛሉ? ኮሚቴው ራሱ ቢጫ ላይታይ እንደሚችል በእኔ ፊርማ አስረድቷቸዋል። በሦስተኛው ጊዜ የወደቀ ነጂ ለማንሣት መንገድ የገባው የባልደረባዬ እግር ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ሪፖርቱን እንድጽፍ ታዘዝሁ። አልጻፍሁም፤ ባንዲራዬንና ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ይህን እንደ ጀግንነት አልቆጥረውም። በዚያን ጊዜ የማስተማር ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም የራሱን ደብዳቤ ይጽፍልኝ ነበር።

ጋሽ ተድላ ጢስ ዓባይ ከእኅታቸው ዘንድ ገብተው የወፍጮ ሞተር ይጠግኑ ነበር። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር መናኸሪያ አጠገብ ተገናኘን። ይወቅሱኛል ብዬ ቆምሁ። ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም አሉኝ፤ «ሥራ እንዴት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ደኅና ነው አልሁ፤ ሄዱ። ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ማረፋቸውን ሰማሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያን ያህል ጊዜ ነበረኝ። ጢስ ዓባይ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም።

መንግሥቱ ወደቀ፤ ሠራዊቱ ተበተነ። ይኹን በእግሩ ተጉዞ እንደ ተመለሰ፣ እናቱ ግን ሳትጠብቀው እንደ ሞተች ነገሩኝ። የአዲሱ ኮሚቴ ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን ዓባይ ማዶ ተሻግሬ ሄድሁ። ይኹን ከድልድዩ ወዲያ መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፋል። አየኝ፤ መቀመጫ በእግሩ ገፋልኝ፤ ሥራውን አላቆመም። ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። ወረቀቱን፣ ደብዳቤውን፣ ጌጡን፣ መሰላሉን ሁሉ ነገርሁት። ከመነዳሪውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ እየፈለገ ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «ጋሽ ተድላ ልሄድ ስል ቤት ድረስ መጥተው ነግረውኛል።»

ምን እንዳሉት ጠየቅሁት።

«ፈርቶ ነው፣ አትቀየመው አሉኝ።»

«አንተስ?»

«ተቀይሜሃለሁ» አለኝ። ድምፁን አላነሣም። ቀዳዳውን አገኘው፤ በጠመኔ ምልክት አደረገበት። «ስለ መሄዴ አይደለም፤ ስንቱ ሄዷል። እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ ልጄ ተሸንፎ ሄደ እያለች ነው ለሰው ስትናገር የኖረችው። ያን ቀን አልተሸነፍሁም ነበር።»

ምን ባደርግ እንደሚሻል ስጠይቀው፣ ለእነሱ በጻፍህላቸው ዓይነት ለእኔም ጻፍልኝ አለ። ቀን ያለበት፣ ፊርማ ያለበት፣ ሰው አንብቦ የሚገባው። ወደ አዲሱ ኮሚቴ ሄጄ የዚያ ዓመት ውጤት እንዲታረም አመለከትሁ። ጸሐፊው ያለፈ ሥርዓት መዝገብ አይታረምም፣ ለአሁኑ ሥራ ምን ይጠቅማል አለኝ። ለወጣቶቹ የማስተምርላቸውን ልምድ ይፈልጋሉ፤ ልምዱ ምን እንደሆነ ግን መስማት አይፈልጉም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

በዚያ ማጣሪያ፣ በሐይቁ ማእዘን፣ ከእኔ ባንዲራ በፊት ባለው መቶ እርምጃ ውስጥ ምንም ጌጥ አልነበረም፤ በገዛ እጄ አውርጄዋለሁ። ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ነበር። ቢጫው ተወዛውዟል። ይኹን አይቶ ቀዘቀዘ። ሰሎሞን አይቶ አለፈ። የሰሎሞን ሦስተኛ ዙር አይቆጠርም፤ አንደኛ የወጣው ይኹን ነው።